የአራስ ቤት መልእክተኛ

ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አላነበብኩም፤ አንድም መልእክት ከመንገድ አላስቀረሁም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሰማንያ ቀን ውስጥ የሠራሁትን ስነግራችሁ፣ ድሮ እንደዚህ ዓይነት ሰው እንዳልነበርኩ እወቁልኝ ብዬ ነው።

አሰላ ካለው ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። መሰረት ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ባሏ እንደሻው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ሥራው አርቦዬ አካባቢ፣ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር እየዞረ ከብት መከተብ። ድሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ግን በወርም አይገኝም። እሷ ሥራውን ልቀቅ ትለዋለች፤ እሱ «ከብቱ ምን አደረገ?» ይላታል። በዚህ ሲጨቃጨቁ ሁልጊዜ እሰማቸዋለሁ። የመካከላችን ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ እንጂ ጆሮዬን ለጥፌ አይደለም።

ሰኔ ሃያ ቀን ምጥ ያዛት። እናቷ መጥተው ሊያርሷት አስበው ነበር፤ እዚያም መንገድ ተዘግቶ ቀሩ። ስለዚህ ጎረቤታችን አይሻ፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ በባጃጅ ይዛት ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔ ቤት ልጠብቅ ቀረሁ። አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። እንደሻው ነው። አርቦዬ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ስለነበር አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው የደወለው፤ ነፋሱ ይሰማኛል። የሚስቱ ስልክ ዝግ ሆኖበታል። ምጥ ላይ ናት አልኩት።

«ጋሼ፣ ወንድ ከሆነ እሷ ታውጣለት። ሴት ከሆነች ግን ራሄል በሏት። አደራ። ነገ በጠዋት እነሳለሁ።»

ለምን ራሄል እንዳለ ልጠይቀው አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ያን ዕለት ማታ ተወለደች። በማግስቱ ቤቷ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ የባሏን ቃል ነገርኳት። «ራሄል» ብላ ደጋግማ አለችው፣ ጨው እንደምትቀምስ ሰው። ለምን ራሄል እንዳለ ጠየቀችኝ። መስመሩ ተቋረጠ አልኳት። «እሱ መቼ ነገር ይጨርሳል» ብላ ሳቀች። ከእኔ አፍ የሰማችው የመጨረሻው እውነት ይኸው ነበር።

እንደሻው እንዳለውም በጠዋት ተነስቷል። ከአርቦዬ ብዙም ሳይርቅ ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ገደሉት። ማን ናቸው ብትሉኝ፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚጠላውን ስም ይጠራልኛል። እኔ የማውቀው ሞተሩ መወሰዱን፣ የክትባቱ ሳጥን ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ጭቃ ላይ መገኘቱን ብቻ ነው። አስከሬኑን ወደ አሰላ ማምጣት ስላልተቻለ የአገሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ተሸክሞ፣ እዚያው ቀበረው። ይህን ሁሉ በሦስተኛው ቀን የሰማነው እዚያ ከሚኖረው ከአይሻ ወንድም ነው። በአቦምሳ በኩል ዞሮ በሚመጣ ሹፌር ወረቀት ላከላት።

የእድራችን ዳኛ አቶ ደመቀ ሽማግሌዎቹን ቤቴ ሰበሰበ። አራስ መርዶ አትሰማም፤ ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ጡቷ ይነጥፋል፣ ልጅቷንም እናጣለን ተባለ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስለምትነሳ፣ ክርስትናው እስኪያልፍ ዝም እንበል ተባለ። አይሻ ብቻ አልተቀበለችውም። እነሱ ዘንድ ሞት እንደማይደበቅ፣ ሚስት ባሏን የምታለቅስበት ጊዜ የራሷ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ሊቆጥርላት እንደማይገባ ተናገረች። አንድ ድምፅ ናት ተብሎ ታለፈች። እኔም ከብዙኃኑ ጋር እጄን አወጣሁ። አሁን እጄን ሳየው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ግቢዬ ቲያትር ቤት ሆነ። ሴቶቹ ጥቁር ነጠላቸውን ከእኔ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቅሉና ነጭ ለብሰው ወደ አራሷ ይገባሉ። ገንፎ ያገነፋሉ፣ ይስቃሉ፤ ሲወጡ ከእኔ ዘንድ ቁጭ ብለው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ያለቅሳሉ። ክረምቱ ደግሞ ክረምት ነው፤ የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የልቅሶውን ድምፅ ይሸፍንልናል። እግዜር ራሱ የተባበረን መሰለኝ።

ለሁለት ሳምንት «ኔትወርክ የለም» የሚለው በቃን። እውነትም የለም። በሦስተኛው ሳምንት ግን መሰረት ምግብ ተወች። ልጅቷ ጡት ይዛ ታለቅሳለች። አይሻ መጥታ ወተቱ እየቀነሰ ነው አለችኝ፤ ምን አድርግ ማለቷ እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት እውነቱን ንገራት ልትለኝ ነበር። እኔ ግን ገባሁና፣ በአቦምሳ በኩል የመጣ ሹፌር አግኝቼ ነበር፣ ባልሽ ደህና ነኝ ብሎሻል፣ መንገዱ እስኪከፈት ታገሺኝ ብሎሻል አልኳት። ፊቷ በራ። ማታውን አንድ ሳህን ገንፎ ጨረሰች፤ ወተቱም ተመለሰ።

ውሸት ሲጀምሩት ቀላል ነው፤ መቆሚያው ነው የሚጠፋው። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ትጠብቀኛለች። ሹፌሩ መጣ ወይ? ምን አለ? ልጅቷ ማንን ትመስላለች ብሎ አልጠየቀም? እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል እከርምና ቅዳሜ ይዤ እገባለሁ። አንዳንዴ ቀልድ እጨምርበታለሁ፣ እንደሻው መቀለድ ይወድ ስለነበር። እሷም ትልካለች። አንድ ጊዜ አይሻን ገብስ አስቆልታ አስፈጭታ በሶ ላከችለት፤ ያን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን በስሙ ዘከርኩት። ሌላ ጊዜ ራሷ የሠራችውን ሹራብ ሰጠችኝ፤ አርቦዬ ቢሞቅም ደጋው ጮሌ በኩል ከወጣ ይበርደዋል ብላ። ሹራቡን ለሰው መስጠት አቃተኝ።

ሐምሌ ሠላሳ ቀን የእንደሻውን አርባ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት አስበን፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን ስንመለስ መስኮት ላይ ቆማ አየችን። ሁላችሁም የት ዋላችሁ አለችኝ። የእድር ጉዳይ ነበረብን አልኳት። ይህቺ እንኳ ውሸት አይደለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እንዲህ እስክሆን ደርሼ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር። ሚስቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እኔ ስገባ ፊቱ የሚበራ ሰው አልነበረኝም። እየቆየሁ ስሄድ የእኔ እንደሻው ከእውነተኛው እንደሻው የተሻለ ባል ሆነ። እውነተኛው ግልፍተኛ ነበር፣ ሲከፋው ሳምንት ያኮርፋል። የእኔው ትዕግሥተኛ ነው፣ ይቅርታ ይጠይቃል። በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ከሁሉ የባሰውን አደረግኩ። ሥራውን ሊለቅ ወስኗል፣ መንገድ እንደተከፈተ ጠቅልሎ ይመጣል አልኳት።

መሰረት ልጇን አቅፋ አለቀሰች። «ሁለት ዓመት ለምኜዋለሁ እኮ ጋሼ፣ ሁለት ዓመት» አለች። አይሻ ይዛው የገባችውን ሳህን አስቀምጣ ወጣች። ተከትያት ብወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ኦቦ ኃይለየሱስ፣ እርስዎ የሚያስታምሙት እሷን ነው ወይስ ራስዎን?»

ተናደድኩ። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። እውነት ሲነግሩኝ መናደድ የቆየ ጠባዬ ነው።

እንቁጣጣሽም በውሸት አለፈ። መስከረም አምስት ልጅቷ ክርስትና ተነሳች፤ የቤተ ክርስቲያን ስሟ ወለተ ማርያም ሆነ፣ ሰፈሩ ግን ራሄል ይላታል። በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አቶ ደመቀ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ነጠላ አዘቅዝቀን በሯ ላይ ቆምን። አይሻ ከኋላችን ነበረች። መሰረት ልጅቷን እያጠባች ከፈተች። ሽማግሌ በማለዳ ነጠላ አዘቅዝቆ ደጅ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ አበሻ የለም። ቀለሟ ተለወጠ።

«እናቴ ናት?» አለች።

አቶ ደመቀ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መልእክት የማመጣው እኔ አይደለሁ?

«እንደሻው ነው» አልኩ።

ቅር ያላት እንጂ የደነገጠች አትመስልም ነበር። የተሳሳተ ቤት እንደመጣ ሰው ነው ያየችኝ። «እንደሻውማ ቅዳሜ ልኮልኝ የለም?» አለች። አይሻ ልጅቷን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት እስከምሞት አልረሳውም።

ድንኳን ተጣለ፣ ሦስት ቀን ተለቀሰ። በአራተኛው ቀን አስጠራችኝ። ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጅቷ አጠገቧ ተኝታለች። እንድቀመጥ ወንበር አመለከተችኝና መቼ እንደሞተ ጠየቀችኝ። ሰኔ ሃያ አንድ አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ምን እንደምትቆጥር ገብቶኛል፤ የሳቀችባቸውን ቀኖች ነው።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። በሶውን በላ? አልበላም። ሹራቡስ? እኔ ዘንድ ነው። ልጅቷ አንቺን ትምሰል ያለው? እኔ ነኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ? እኔ ነኝ። ሥራውን እለቃለሁ ያለው? እኔ ነኝ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም።

«ራሄል ያለውስ?»

«እሱ እውነት ነው» አልኩ። «እሱ አንዱ እውነት ነው፣ በልጅቷ ይዤሻለሁ። ምጥ ላይ ሳለሽ ደውሎ በዚህ ጆሮዬ የሰማሁት ነው። አደራ ብሎኛል።»

«አብሮዎት ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

ስልኬን አወጣሁ። ያረጀች ባለ ቁልፍ ስልክ ናት፤ የምትይዘው የመጨረሻዎቹን ሃያ ጥሪዎች ብቻ ነው። አቶ ደመቀ፣ አይሻ፣ አቶ ደመቀ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን አከራዩ። የሰኔ ጥሪ ከጠፋ ቆይቷል። ወደ ታች ስገፋ ታየኝ ነበር።

«ቢኖርስ ጋሼ» አለች። «ቁጥሩ ቢኖር ያለው ነገር የለበት። ያኔም መስመሩ ተቋረጠ ነበር ያሉኝ።»

ማልኩ። በሚስቴ መቃብር ማልኩ። ጠዋት ማታ በማርያም ስም ስዋሽ የከረምኩ ሰው ስምል ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ጨለመ። አይሻም ያን ማታ ልታግዘኝ ሞከረች፤ ሰውየው ይሄን አይዋሽም አለቻት። ግን እሷም ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ነበረች እንጂ ከእኔ ጋር አልነበረችም፣ የማታውቀውን መመስከር አልቻለችም።

ልደት በዘጠና ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ሁለት ቀን ሲቀረው መሰረት መጥታ ቀበሌ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። አባት ስለሌለ እሱን የሚያውቅ ምስክር አምጪ ብለዋት ነው፤ አሰላ ውስጥ እንደሻውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ዘመድ የላትም። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገድ ላይ ጸሐይ ልጅቷን እንዳይመታት በጥላ ከለልኳት። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ይቅር በይኝ አልኳት። «በደሉኝ አላልኩም ጋሼ» አለች። «ማመን ነው ያቃተኝ።»

ጸሐፊዋ ወጣት ልጅ ናት። የእናት ስም ጠየቀች፣ የአባት ስም ጠየቀች፣ ከአባት ስም ጎን «በሕይወት የሌለ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሕፃኗን ስም ጠየቀች።

መሰረት ልጇን አየቻት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቢያንስ ትንሽ ቆም ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ማህሌት» አለች። «ማህሌት እንደሻው።»

ጸሐፊዋ ጽፋ ጨረሰችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ከታች በኩል፣ ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል፤ ስም፣ ፊርማ። ስሟ ራሄል ነው ልል ከጀለኝ። የእኔ ቃል ለዚያች ልጅ ምን ይሠራላታል? አባቷ በዚህ ዓለም የተወላት አንዲት ቃል ነበረች፤ ያችን ቃል ደግሞ ታጣቂዎቹ አልነኩባትም፣ ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ ፈረምኩ።