ያበጠው አያልፍም

የጎርፍ መከላከል ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኡስታዝ አብዱልወሃብ የዓባይን ዳርቻ ሲጎበኙ መኪና የሚያስቆሙት ግድቡ በሳሳበት ሳይሆን ጥላ ባለበት ነው። ሾፌራቸው ቢልልኝ ይህን የተረዳው ከካርቱሙ ሪያድ ሰፈር ወጥተው ገና ወንዙ ዳር እንደደረሱ ነበር።

መጀመሪያ የድንጋዩን ግንብ ጎበኙ። አያታቸው ሳይወለዱ የቆመ፣ ማንም የማይሰጋለት ግንብ ነው። በከዘራቸው ኳ ኳ አድርገው «ጠንካራ ነው» አሉ፤ አብረውት ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሻይ ሻጯ ሀዋ ዘንድ አረፍ አሉ። ቀጥሎ የአሸዋ ጆንያ የተደረደረበት ሌላ ጥላ፣ ሌላ ሻይ፣ ሌላ ፎቶ።

ቢልልኝ ግን መቀመጫው እሾህ ሆኖበታል። ሚስቱ ለምለም ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ፣ ወንዙ አፍ ላይ ባለች አንዲት ክፍል አራስ ናት። ልጄ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት ንቅንቅ አልልም ብላለች። ከቤታቸው ፊት ደግሞ ግድቡ እንደተሸነቆረ ነው። መድፈኛውን አፈር ኮሚቴው አምና አምጥቶ መንገዱ መሐል ዘርግፎታል፤ የሚገፋው ሎደር ግን እስከ ዛሬ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ»፣ ነገ ነገ እንደተባለ ነው።

«ኡስታዝ፣ ጀሪፍን አሁን ብናየው?»

«ያ ቢላል» አሉ፤ ስሙን እንዲህ ካደረጉት ቆይተዋል። «ወንዙ የት ይሄዳል? ያላ፣ ሻይ ጠጣ!»

ወዴት እንደሚሄድስ ቢልልኝ ያውቃል። ወደ ቤቱ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ለምለም ናት። «ውሃው ደጃፍ ደረሰ! የሰፈሩ ሰው አሸዋ እየከመረ ነው።»

ቢልልኝ ዓረብኛ የተማረው ጡብ ሲያመርት፣ ከወንዝ ዳር ሰዎች ነው። እነሱ ዘንድ «ተርስ» ማለት ውሃ የሚመልስ የአፈር ክምር ነው። ካርቱም ውስጥ ግን ሰልፈኛ ፖሊስ እንዳያልፍ መንገድ ላይ የሚከምረው ድንጋይም ተርስ ይባላል። ቢልልኝ በሰልፍ ቀን በሩን ዘግቶ ስለሚውል ይህኛውን አልሰማም።

«ኡስታዝ! ጀሪፍ ላይ ሰው ወጥቶ ተርስ እየሠራ ነው!»

የኡስታዝ ሻይ ጀለቢያቸው ላይ ተደፋ። «ስንት ሰው?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«ማን ነው የሚመራቸው?»

«ሀጃ ዛሂራ» አለ ቢልልኝ፣ ጎረቤቱ አሮጊት ቢመሰገኑ ብሎ።

«ምን እያሉ?»

«አናሳልፍም እያሉ ነዋ!»

«ማንን?»

«ያንን ያበጠውን!»

ኡስታዝ ሳይታወቃቸው ሆዳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ለጎርፍ ሲለመን ጎማው የሚፈነዳው፣ ነዳጁ የሚያልቀው፣ ሾፌሩ ለቅሶ የሚሄድበት ሎደር «መንገድ ላይ ነው» ተባለ። የቢልልኝ ዓይን እንባ አቀረረ። ለካ ደግ ሰው ናቸው፤ እስካሁን በሆዱ ሲረግማቸው መዋሉ ቆጨው።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ኡስታዝ!»

ጀሪፍ ሲደርሱ ሎደሩ ቀድሟቸዋል፤ ከኋላው ፖሊስ የጫኑ ፒካፖች ቆመዋል። ሀጃ ዛሂራ አካፋቸውን ተደግፈው መጤዎቹን ከላይ እስከ ታች ያያሉ።

«ተርሱን አፍርስ!» አለ መኮንኑ።

ያን ጊዜ ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ለቢልልኝ ገባው። ከክምሩ ማዶ ያበጠው ዓባይ፣ ከክምሩ ወዲህ የለምለም መስኮት።

ኡስታዝም ውሃውን አዩ። ክምሩ ቢፈርስ ጎርፉ በእሳቸው ስም ሊገባ ነው፤ ሎደሩን ቢመልሱ ደግሞ በአንዲት አሮጊት አካፋ ደንግጠው ይህን ሁሉ ፖሊስ እንዳስወጡ ሊወራ ነው። 

ቢልልኝ ጠጋ አለ። «ኡስታዝ፣ መንገድ የዘጋው እኮ ያኛው ነው» ብሎ የአምናውን የአፈር ቁልል አሳያቸው።

ኡስታዝ ቁልሉን አዩ፤ መኮንኑን አዩ። ከዘራቸው ተነሣ።

«ተርሱ ያውልህ! ግፋው! ዳግመኛ እንዳይሠሩበት ወደ ወንዙ ግፋው!»

ሎደሩ ገፋ። ሽንቁሩ ተደፈነ። መኮንኑ «ተርሱ ፈርሷል» ብሎ በሬዲዮ ተናገረ፤ ኡስታዝም ከፈረሰው ተርስ ጋር ፎቶ ተነሡ። ለምለም ልጇን እንዳቀፈች በመስኮት ብቅ ብላ «ደግሞ ፖሊሱ ለምንድን ነው?» አለች።

ልጁ ክርስትና በተነሣበት ዕለት ሶባ የሚኖረው የቢልልኝ ጓደኛ ካሣዬ ደወለ።

«ውሃው እኛም ዘንድ መጣ፣ ወንድሜ። ሎደሩን በምን አመጣኸው?»

«ተርስ ሠርተናል በላቸው» አለው ቢልልኝ። «ስለ ውሃ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»