በግድግዳው ፋንታ የቆሙት

በወይራ በር መናኸሪያ የወንዶችንና የሴቶችን ሽንት ቤት የሚለየው ግድግዳ ሐሙስ ጠዋት ሄደ። አልፈረሰም፤ ሄደ። እኔ የመናኸሪያው የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ሲወጣ አይቼዋለሁ። በበሩ ስለማያልፍ በጎኑ ዞረ፣ መጥረጊያዬን ላለመርገጥ ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ከዚያ ነጭ ሴራሚኩን እንደለበሰ አስፋልቱን ተሻግሮ በባሕር ዛፎቹ መካከል ቁልቁል ወረደ። ዘበኛው "ወዴት ነው?" ብሎ ጠየቀው። ዘበኛው የታዘዘው ዕቃ ይዞ የሚወጣን እንዲያስቆም ነው። ግድግዳው ምንም አልያዘም፤ ስለዚህ አሳለፈው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ መንበሩ መጥተው ቦታውን አዩ። ሁለት የነበረው ክፍል አንድ ሆኗል። በግራ በኩል ወንዶቹ ቆመው የሚሸኑበት ቦይ፣ በቀኝ በኩል የሴቶቹ መቀመጫዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። የሴቶቹ መቀመጫዎች በር ከተነቀለ ቆይቷል። ግድግዳው እያለ ማንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

"ጣራው ይዟል?" አሉኝ።

"ይዟል።"

"እንግዲያው አገልግሎት አይቋረጥም" አሉና በሩ ላይ "የጋራ" ብለው አስጻፉበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶች እስከ በሩ እየመጡ ያነቡና ይመለሱ ጀመር። "ምነው?" ስላቸው "ለካ አልመጣብኝም" ይሉኛል። ውሃ የሚሸጡት ልጆች የምትገዛቸው ሴት አጡ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ስለምቆም ለእኔ ያወሩኛል። አንዷ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ "ወንድ ቀበቶውን ሲፈታ የሚሰማኝ ቦታ ቁጭ አልልም፤ ይኸው ነው" አለች። ሌላዋ ደግሞ "ክፉ ናቸው ብዬ አይደለም። ደግ ሰውም ቢሆን ያው ነው። ዓይኑን ቢጨፍን ጆሮው አለ" አለች። መንታ ልጆች የያዘች እናት ግን ወንዱንም ሴቷንም አንድ ላይ አስገብታ ስትወጣ "እኔስ ተመቸኝ" አለችኝ።

ከሁሉም የተመቻት ወይዘሮ ዘነቡ ነበረች። ባሏ ጋሽ ይመኑ ግማሽ አካላቸው ከደነዘዘና አንደበታቸው ከተያዘ ወዲህ፣ በየሳምንቱ ለሕክምና ይዛቸው በዚህ ታልፋለች። ድሮ የወንዶቹ በር ላይ ስትደርስ ትቆምና የማታውቀውን ሰው "ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ እሳቸውን ይዘህ ግባልኝ" ትላለች። አንዳንዱ እሺ ይላል፤ አንዳንዱ ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ይሄዳል። ግድግዳው ከሄደ በኋላ ራሷ ክንዳቸውን ይዛ ገባች፤ ሱሪያቸውን ራሷ ፈታች፤ ራሷ አሰረች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። ያን ዕለት ግድግዳው ስለሄደ ደስ ያላትም ሴት እንዳለች አወቅሁ።

ሌሎቹ ግን ያዙ።

የተያዘ ነገር ክብደት አለው። ከመናኸሪያው በላይ የጉም ዳገት የሚባል ረዥም ዳገት አለ፤ ቆሜ ከምሠራበት ይታየኛል። ማክሰኞ ዕለት የሾፌሩ የሸዋንግዛው አውቶብስ ተሳፋሪውን ሞልቶ ወጣ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥቂት አጓራ። ከዚያ ሸዋንግዛው ፍሬኑን እየያዘና እየለቀቀ በቀስታ ወደ ኋላ አወረደውና መናኸሪያው በር ላይ አቆመው።

"ሞተሩን አየሁት፣ ናፍጣውን አየሁት፣ ጎማውን አየሁት" አለ ወርዶ። "ምንም እንከን የለበትም።"

"ሞተሩ አይደለም" አለችው ሸጌ። "እኛ ነን።"

ሸጌ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። በየገበያው ቀን ጆንያዋን አስጭና ትወጣለች። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ስትናገር ሰው ወሬውን ያቋርጣል።

"እናንተ ምን ሆናችሁ?" አላት።

"ይዘናል።"

"ምን?"

ሸጌ በአገጯ ወደ ሽንት ቤቱ አመለከተችው። ሸዋንግዛው ገባውና መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

"ሁላችሁም?"

"ከጠዋት ጀምሮ። ከትናንት የያዘችም አለች።"

"ሽንት ቤቱ እኮ ክፍት ነው።"

"ክፍት መሆኑ ነው ችግሩ" አለችው።

አውቶብሱ ውስጥ ሐያት የምትባል ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ነበረች። የከተማችን ጤና ጣቢያ "ዛሬውኑ ከዳገቱ በላይ ያለው ሆስፒታል ድረሺ" ብሎ ልኳታል፤ ባሏ እዚያ ይጠብቃታል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቁርጠቱ መጣ ሄደ እያለ ወንበሩን ጨብጣ ታቃስታለች። ሸጌ ደግፋ አወረደቻትና ወደ እኔ ይዛት መጣች። ሐያት በሩ ላይ ደርሳ ወደ ውስጥ አየች። ቦዩ ላይ ወንዶች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከእነሱ አንዱ ዞር ብሎ አያት፤ ደንግጦ መልሶ ዞረ። እሷም ተመለሰች።

"አልችልም፣ እትዬ።"

"ብትይዢውም አትችይም፤ አውቶብሱም አልቻለም" አለቻት ሸጌ።

"ወንዶቹን ላስወጣልሽ?" አልኳት እኔ።

ሸጌ ወደ ቦዩ አየች። "እነዚህን ብታስወጪ ሌሎች ይመጣሉ። ደጅ ብናቆማቸው ደግሞ መያዝ አይችሉም። አልለመዱም" አለች።

ከዚያ ገባች። ወለሉ ላይ ግድግዳው የነበረበት መስመር ሲሚንቶው ነጣ ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ሄዳ ጀርባዋን ለወንዶቹ ሰጥታ ቆመች። ነጠላዋን አውርዳ በሁለት እጆቿ ዘረጋችው። ዓይኗን ጨፈነች።

"ግቢ" አለቻት ሐያትን።

"ቢያዩኝስ?"

"ምን ያያሉ? የሚያዩት እኔን ነው።"

"አንቺስ፣ እትዬ?"

"ግድግዳ አያይም" አለች ሸጌ።

ነጠላው አንድ ሰው የሚያህል እንጂ ክፍሉን አይጋርድም። የባንክ ሠራተኛዋ ደጅ ቆማ ነበር፤ ሻርፗን አወለቀችና ገብታ ከሸጌ ጎን ቆመች። ከእሷ ቀጥሎ ሽርጧን የፈታች መጣች። ከእሷ ቀጥሎ ፎጣ የያዘች። ማንም ማንንም አልጠራም። እኔ የያዝኩት መጥረጊያ ብቻ ስለነበር እጆቼን ዘርግቼ ዳር ላይ ቆምኩ። ክንዳችን ሲነካካ ክፍሉ ድሮ እንደነበረው ሁለት ሆነ። ይህን በስሜት አይደለም የምናገረው፤ አየሩ ተለወጠ፣ የወንዶቹ ድምፅ ራቀ፣ ከወዲህ በኩል ደግሞ ማሚቶ መጣ።

ሐያት ገባች። ሴቶቹ ተራ በተራ ከመስመሩ እየወጡ ገቡ፤ የገባችው ስትመለስ ቦታዋን ይዛ ቀጣይዋ ሄደች። ሸዋንግዛው ጡሩምባ ሳይነፋ ጠበቀ። ሲጨርሱ አውቶብሱን አስነሳ፤ የጉም ዳገትን ባዶውን እንደሚሄድ መኪና ወጣው። ሐያት ያን ቀን ከሰዓት ሴት ልጅ በሰላም መውለዷን ሸዋንግዛው በማግሥቱ ነገረን። ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የራሱ ልጅ የተወለደች ይመስል ነበር።

ሸጌ ግን አልተሳፈረችም። ሽንኩርቷ ብቻውን ገበያ ሄደ። "ቀጥሎ የሚመጣው አውቶብስ ውስጥም ሴት አለ" ብላ እዚያው መስመር ላይ ቀረች። ቀጣዩ ሲመጣ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው አዩዋት። አንዲት አዛውንት ሳይጠይቁ ገቡና በቀስታ ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

"ሂጂ፣ ልጄ። ደርሻለሁ።"

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። የአንዱ አውቶብስ ሴቶች ለቀጣዩ ይቆማሉ፤ ቀጣዮቹ ይቀበሏቸዋል። ተማሪም፣ ነጋዴም፣ መነኩሲትም፣ ዶክተርም ቆማለች። የሚያስተባብር አልነበረም። ዕቃዋን ለማታውቃት ሴት ትታ ትቆማለች፤ ዕቃዋም ይጠብቃታል። እኔ በሥራዬ ብዙ ሰልፍ አይቻለሁ፤ ሰው ያልተጋፋበት ሰልፍ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

በተራዬ ስቆም ከጀርባዬ ያለውን ሰማሁ። ወንዶቹ ጠዋት ላይ ይቀልዳሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሌላ ናቸው። አንዱ ከመውጣቱ በፊት ራሱን በስሙ ጠርቶ "አይዞህ" አለው። ሌላው ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ሳይታጠብ ውሃው ሲፈስ ረዥም ጊዜ ቆየ፤ ለቅሶው እንዳይሰማ ነው። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስሜን የማያውቁ ወንዶችም ሲወጡ "እግዜር ይስጥልን" ይሉ ጀመር፤ ለማን እንደሚሉ ሳያዩ።

በሳምንቱ ዘነቡ ጋሽ ይመኑን ይዛ መጣች። ሴቶቹ ቆመው ስታይ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ፊቷ ወደ ድሮው ተመለሰ። "ወንድሜ" የምትለው ሰው መፈለግ ጀመረች። በመስመሩ ላይ ያን ሰዓት ሸጌ ነበረች፤ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው።

"ማነው በሩ ላይ የቆመው?"

"እኔ ነኝ። ሰውዬዬን ይዤ" አለች ዘነቡ።

"እለፉ" አለች ሸጌ።

ሴቶቹ ክንዳቸውን አጠፉና ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሰጡ። ዘነቡ ባሏን ደግፋ አለፈች። ከኋላቸው ተዘጋ። ሲመለሱ እንደገና ተከፈተ። ጋሽ ይመኑ መናገር ስለማይችሉ በደህናው እጃቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእያንዳንዷ ሴት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለሁሉም እስኪዳረስ ድረስ። የበፊቱ ግድግዳ ሰው ቆሞ ሲለምን እያየ አንድ ቀን እንኳ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

አቶ መንበሩ ይህን ሁሉ ቢሯቸው መስኮት ላይ ሆነው ያዩ ነበር። አንድ ቀን መጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በእውነት የሚያስመሰግን ነው። አዲስ ግድግዳ እንዲሠራም ጠይቀናል፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። ግን እናንተ እንዲህ ካመቻችሁት..."

"ይሥሩት እንጂ" አለቻቸው ሸጌ፤ ዓይኗን አልገለጠችም። "ደስ ብሎን የቆምን መሰልዎት? እግራችን አለቀ። ሲሠሩት ደግሞ መዝጊያም አይርሱ። ለዘነቡም የምታልፍበት በር ይተዉላት።"

"በሂደት ላይ ነው" አሉ አቶ መንበሩ፤ ባርኔጣ ስላልነበራቸው ፀጉራቸውን ነካ አድርገው ሄዱ።

ክረምቱ ሲበረታ የጉም ዳገት ተናደና መንገዱ ተዘጋ። አውቶብስ አልመጣም፤ ተሳፋሪም አልነበረም። ሸጌ ሰፈሯ ነበረች፤ ጉንፋን ይዟት መተኛቷን ሰምቻለሁ። ዘበኛው ብቻ ጎጆው ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። እኔ እንደ ልማዴ ጠዋት ሽንት ቤቱን ከፈትኩ። ባዶ ነበር። ባልዲዬን ሞልቼ ከሴቶቹ በኩል ወለሉ ላይ ደፋሁት።

ውሃው ተዳፋቱን ይዞ ወደ ወንዶቹ ቦይ ወረደ። ነጣ ያለው መስመር ጋ ሲደርስ አልቀጠለም። ተከፋፈለ። ጥንድ ጥንድ የሆኑ ደረቅ ቦታዎችን እየዞረ በመካከላቸው በቀጭን በቀጭኑ ፈሰሰ፤ ደረቆቹ ቦታዎች ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዳቸው ተረከዝና ጣት አላቸው። በተራ እንደሚቆሙት ሴቶች ሰላም አልኳቸው። ውሃው ጥቂት ተጠራቅሞ ከፍ ሲል፣ መሀል ላይ ያለችው አንዷ እንዲያልፍላት ተረከዟን በቀስታ አነሳች።