ብሎን ያልፈረመበት በረራ

አባቴ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በጦርነቱ ሰባ ሁለት የውጊያ በረራ አድርጓል፣ አራት የጠላት አውሮፕላን ጥሏል፣ ሁለት ሜዳሊያ ተሸልሟል። እንግዳ ስለ ጀግንነቱ ሲጠይቀው ግን የሚያወራው ስለ አንድ መካኒክ ነው።

መካኒኩ በዕድሜ የሚበልጠው ሃምሳ አለቃ ነበር። ቀጭንና ድርቅ ያለ ስለሆነ አብራሪዎቹ «ብሎን» ይሉታል። እሱ መርምሮ ካልፈረመ አውሮፕላኑ አይነሣም።

አንድ ጠዋት እግረኛው ጦር ተከብቦ እርዳታ ጠየቀ። አባቴ እየሮጠ የአውሮፕላኑ መሰላል ጋ ሲደርስ ብሎን ፊቱ ተገተረ።

«ሻምበል፣ አልፈረምኩም። የነዳጅ ሽታ አለው።»

«ነዳጅ ካልሸተተ ምን ሊሸት ኖሯል? ሰው እያለቀ ነው!»

«ቢቆጡም አልፈርምም።»

ሌሎቹ ሦስት አብራሪዎች አባቴን ትተው ሄዱ። አባቴ ደሙ ፈላ፤ ብሎንን በሰው ሁሉ ፊት «የጠላት ተላላኪ!» አለው። አዛዡም ወዲያው አሳሰረው። ሲወስዱት ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የኋላ ሽፋኑን ሳትፈቱ እንዳታስነሡት» ብቻ አለ።

ሦስቱ አብራሪዎች ከበባውን ሰብረው በደህና ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ሽፋኑ ተፈታ። የነዳጁ ቱቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ አየር ላይ ቢፈነዳ አውሮፕላኑ ከነአብራሪው ይጋይ ነበር። አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቴ በዚያ ሳምንት እኔን ልትወልድ ቀኗን ትጠብቅ ነበር።

ቱቦውን ይዞ እስር ቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ብሎን ቱቦውን አገላብጦ አየ። «መፍቻዎቼን ለማን ሰጣችሁ?»

«ለአዲሱ መካኒክ ልጅ።»

«ይኸውላችሁ! መታሰሩንስ ችዬው ነበር።»

አባቴ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣበት። በማግስቱ ብሎን ሲፈታ፣ አባቴ አብራሪዎቹ ሁሉ በተሰለፉበት፣ ሰድቦት በነበረበት ቦታ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ጊዜ በርሯል፤ የብሎንን ፊርማ በዓይኑ ሳያይ መሰላል ረግጦ አያውቅም።

አምና የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አባቴ ከአራስ ቤት እንኳ በቅጡ ሳልወጣ «ተነሽ» አለኝና ብሎን ቤት ወሰደን። ሽማግሌው ጭን ላይ ሕፃኗን አስቀመጠለት።

«ጋሼ፣ ይቺም የእርስዎ ናት» አለው።

ብሎን አቅፏት የለበሰችውን ዳሰሰ። ቀና ብሎ አባቴን አየውና፣ «ምነው ልብስ አሳሳችሁባት?» ብሎ ተቆጣ።