ለእግር የተጻፈ ወረቀት

አበጋዝ በሥራው የሚኮራባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው። የጻፋት በ1952 ዓ.ም. ነው፤ የነቀምቴን ገበያ ቁልቁል ከሚያዩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ ሆኖ ከሸዋ በመጣ በሁለተኛው ዓመት።

ለሠራተኛው፣ ለሚስቱና ለልጆቹ የሕክምና ወረቀት የሚጽፈው እሱ ነበር። ወረቀቱን የያዘ ሰው ሆስፒታል ይቀበለዋል፣ አልጋ ያገኛል፣ ነገሩ ከከበደም እስከ አዲስ አበባ ይላካል። ወረቀቱ ላይ «የሕመሙ ዓይነት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ወባ፣ ሳንባ፣ ምጥ፣ ስብራት እየተባለ ይሞላል። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ጉሉማ ባርኔጣውንና ማመልከቻውን በእጁ ይዞ መጣ። ሚስቱ ድርቤ አእምሮዋ ታውኮ ልብሷን እየጣለች ጫካ ለጫካ እንደምትሮጥ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሐኪም እንዳለ መስማቱን ተናገረ። አበጋዝ ደንቡን ገለባበጠ። ደንቡ ይፈቀዳልም አይፈቀድምም አይልም። ብዕሩን ነከረና በማመልከቻው ኅዳግ ላይ ጻፈ፦ «እብደት ሐኪም በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ የሚያረጋግጠው ሕመም ስላልሆነ የሕክምና ወረቀት አይመለከተውም።»

አለቃው ግራዝማች እሸቱ አንብበው ጭናቸውን መቱ። «እንዲህ ነው እንጂ መጻፍ!» አሉ። ዓረፍተ ነገሯ በጽሕፈት መኪና ተገልብጣ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ላሉት ቅርንጫፎች ተላከች። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ ሁሉ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ጉሉማ ሚስቱን ገጠር፣ ጉቶ ጊዳ ወዳለው አባቱ ቤት ወስዶ በሰንሰለት አሰራት። በዓመቱ ብረቱ የበላው እግሯ አመረቀዘ። ያን ጊዜ አበጋዝ ሳያንገራግር በዕለቱ ወረቀት ጻፈላት፤ «የእግር ቁስል» ብሎ። ቁስል ቁስል ነው። ድርቤ ሆስፒታል ተኛች፣ ቁስሏ ታጠበ፣ ታሸገ፣ ጠገገ፤ ሲደርቅ ተመልሳ ታሰረች። ጉሉማ ለምስጋና አንድ ማሰሮ ማር ይዞ መጣ፤ አበጋዝም ተቀበለው። ድርቤ በሦስተኛው ዓመት ሞተች።

በ1957 ክረምት የአበጋዝ ሚስት ሎሚ የአራት ወር ልጇን በትክትክ ቀበረች። ሎሚ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርሰው ቀልዷ መንደሩን ሁሉ ያስቅ ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን አበጋዝ የልጁን አንቀልባ ከዓይኗ ለማራቅ ቆጡ ላይ ሰቀለው። በሳምንቱ ሎሚ ከቆጡ ላይ የሕፃን ለቅሶ ትሰማ ጀመር። መጀመሪያ ሥራዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር። ቆይቶ መሰላል እያስደገፈች መውጣት፣ አንቀልባውን ታቅፋ ማባበል አመጣች። ከዚያ እህል ተወች፣ መታጠብ ተወች። በእሱ በኩል ጠበል ተወሰደች፤ በአባቷ በኩል የወንጌሉ ጉባኤ እጅ ጭኖ ጸለየላት። ጠበሉም ጸሎቱም ሦስት ሦስት ቀን እንቅልፍ ሰጧት። ከዚያ ለቅሶው ተመለሰ።

አበጋዝ ማመልከቻ ጻፈ። ስለ ራሱ ጉዳይ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር። ግራዝማች እሸቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«የሎሚ ነገር ያሳዝናል» አሉ። «ባለፈው ፋሲካ እኔ ቤት እንዴት አድርጋ ነበር ያሳቀችን! ግን አበጋዝ፣ የዚህን መልስ አንተው ታውቀዋለህ።»

«ጌታዬ፣ ደንቡ እኮ አይከለክልም።»

«ደንቡማ መች ከለከለ! የከለከልከው አንተ ነህ።» ከመሳቢያቸው ዓረፍተ ነገሯ ያለችበትን ወረቀት አወጡና ድምፃቸውን እንደ ዲያቆን ከፍ አድርገው አነበቡለት። «‹በእጁ ዳስሶ›! እሰይ! ይህን የጻፈ እጅ ይባረክ ብዬ ነበር። አሁን ላንተ ብዬ ባፈርሰው ጉሉማ ምን ይለኛል? የጊምቢው ሰውዬስ? አሥራ አንድ ሰው መልሰንበታል።»

«ሚስቴ ናት፣ ግራዝማች።»

«የእነሱም ሚስቶቻቸው ነበሩ» አሉ ግራዝማች፣ ያለ ክፋት፣ ሰዓት የተጠየቀ ሰው እንደሚመልሰው።

በራሱ ይዟት እንዳይሄድ፣ የአዲስ አበባው ሆስፒታል አእምሮው የታወከን ሰው ያለ መሥሪያ ቤት ወረቀት እንደማያስተኛ ከማንም በላይ ያውቃል። ይህንን የሚገልጸውን ደብዳቤ ተቀብሎ ፋይል ያደረገው እሱ ነው።

ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ሕመሙን አይቶ የሚፈርመው የክሊኒኩ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ድሬሰር ታፋ ነበር። አበጋዝ ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«የሆድ ሕመም ብለህ ፈርምልኝ። አዲስ አበባ ትድረስ እንጂ ሌላውን ሐኪሞቹ ራሳቸው ያዩታል።»

ታፋ ሳቀ። «ኦቦ አበጋዝ! ያላየኸውን የሆድ ሕመም ፈርመሃል ብለህ አምና የከሰስከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? ማስጠንቀቂያው እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለ። የእጅ ጽሑፍህ እኮ ያምራል!»

«ታፋ፣ እለምንሃለሁ።»

«የማየውን አምጣልኝ። የተሰበረ፣ የተቃጠለ፣ የደማ። በዚያው ደቂቃ እፈርማለሁ።» መርፌዎቹን ወደሚቀቅልበት ዕቃ ዞረ። «ዋቃ ይጠብቃትና፣ አጥንቷ ቢሰበር ይሻልህ ነበር።»

አበጋዝ ይህን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሑድ ረፋድ ላይ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ይደበድብ ነበር። ሎሚ ለቅሶውን ሰማችና መሰላሉን አስደገፈች። ወለሉ ጭቃ ነው፤ በክረምት ይረጥባል፣ መሰላሉም ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁልጊዜ የመሰላሉን እግር የሚይዝላት አበጋዝ ነበር። ወጥታ አንቀልባውን ታቀፈች። ልትወርድ ስትል ፊቷን ሳታዞር ጠራችው።

«አቤ፣ መሰላሉን ያዝልኝ።»

«ያዝኩት» አለ።

አልያዘውም። አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ እጁን ወደ መሰላሉ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። የመሰላሉ እግር መጀመሪያ ትንሽ ሸርተት አለ። ያን ጊዜ ቢይዘው ይደርስበት ነበር። እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል የተዘረጋበት ቀረ። ሎሚ ከነመሰላሉ ወደቀች፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ከዝናቡ ለይቶ ሰማው።

ሎሚ እንደወደቀች አንቀልባውን ገለጥ አድርጋ ተመለከተች፤ ቀጥላ የእሱን እጅ ተመለከተች። አበጋዝ ተንበርክኮ ሲያነሳት ከድንጋጤውም ከሐዘኑም ቀድሞ ልቡ ውስጥ የገባው ደስታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተዘጋው በር ሁሉ ተከፈተ። ታፋ እየሮጠ መጣ፣ ቀኝ እግሯን በእንጨት አሰረ፣ ፈረመ። ግራዝማች እሸቱ «ምስኪን!» ብለው ወረቀቱን በገዛ እጃቸው አተሙ፤ የመሥሪያ ቤቱንም ላንድሮቨር አዘዙላት። የሥራ ባልደረቦቹ ሚስቶች፣ ሎሚ አንቀልባ ስታባብል መንገድ ይቀይሩ የነበሩት ሁሉ፣ አጥሚት ይዘው ተሰለፉ። ጎረቤታቸው አሰፋች ትራሷን ሰጠቻት። የሎሚ ታናሽ እህት ወይንሸት ልታስታምማት አብራት ተሳፈረች። «የሕመሙ ዓይነት» በሚለው ቦታ ላይ አበጋዝ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቱ «የቀኝ እግር ስብራት» ብሎ ሞልቶ ነበር። መኪናው የባኮን መንገድ ይዞ ሲሰወር እጁን አውለበለበ። አንዴ ሐኪም ፊት ትቅረብ እንጂ ሌላው ይከተላል ብሎ ነበር።

በእርግጥም ተከተለ። በሁለተኛው ወር ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ፤ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ እንደሚደረገው በአበጋዝ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የሕመምተኛዋ እግር በደኅና መጠገኑን፣ ነገር ግን አእምሮዋ በብርቱ መታወኩን፣ ሕመሙ ከወሊድና ከሐዘን በኋላ የሚከሰት ሆኖ በጊዜው ከተያዘ እንደሚድን፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል እንድትዛወር መሥሪያ ቤቱ በአሥር ቀን ውስጥ ወረቀት እንዲልክ ሐኪሙ ጽፏል። አበጋዝ «እንደሚድን» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደብዳቤውን ይዞ ግራዝማች ዘንድ ሮጠ።

«ይኸው! ሐኪም አየው! በዓይኑ አየው፣ ጌታዬ!»

ግራዝማች እሸቱ ረጋ ብለው አነበቡ። «እግሯን በእጁ ዳሰሰ፤ ተጠገነ ይላል። አእምሮዋንስ ዳስሷል?» ደብዳቤውን መለሱለት። «አበጋዝ፣ አሥራ አንድ ሰው። መልሱን ጻፍና አምጣ፣ ልፈርም።»

«እኔ ልጻፈው?»

«ሌላ ጸሐፊ አለን እንዴ?»

አበጋዝ ተቀምጦ ጻፈ። ባይጽፍ ከሥራ ይወጣል፤ ከሥራ የወጣ ሰው ሚስት ደግሞ ለእግርም ወረቀት የላትም። እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ። ሌላ ቃል ቢፈልግ አላገኘም፤ የቀድሞዋ ዓረፍተ ነገር ምንም ፊደል ሳይቀየርላት በልኩ ገባች። ግራዝማች ፈረሙ። ወደ ፖስታ ቤት የወሰደው ጉሉማ ነበር።

ሎሚ ሐሙስ ቀን በአውቶቡስ ተመለሰች። ወይንሸት ደግፋ ልታወርዳት ስትል እጇን አራግፋ በራሷ እግር ወረደች። አላነከሰችም። ባልደረቦቹ ከበው የተሰበረውን እግር አገላብጠው አዩ፤ «ተመስገን! ስብራት የነካውም አይመስል!» ተባባሉ። ታፋም በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «ሥራ ማለት ይህ ነው» አለ። ሎሚ ከእግሯ ማዶ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ታይ ነበር። ማንም ፊቷን አላየም።

የዳነው እግር ከበፊቱ አርቆ ወሰዳት። ለቅሶው አሁን ከቆጡ ወርዶ በየሰዉ ቤት ይሰማታል። በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ የአሰፋች ሕፃን ከተኛበት ጠፋ። መንደሩ በጩኸት ተናጋ። ሎሚን ያገኟት ከመቃብሩ ነው፤ ከልጇ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ፣ ሕፃኑን የደረቀ ጡቷን አጉርሳ ነበር። ሕፃኑ አንዳች አልነካውም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አሰፋች ልጇን ነጥቃ በጥፊ መታቻት። ማምሻውን ሽማግሌዎች የአበጋዝ ደጃፍ ቆሙ። «ልጅ ያለን ሰዎች ነን። ወይ እሰራት፣ ወይ እኛ ለፖሊስ እንሰጣታለን» አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሉማ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

«አከም ቡልተን፣ ጌታዬ» ብሎ ሰላምታ ሰጠና ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ሰንሰለት ነበር፤ ቁልፉም አብሮ አለ። «የድርቤ ነው። ለእሷ እንኳ አሁን አያስፈልጋትም። መንደሩ ሲያወራ ሰማሁና ሌላ ፍለጋ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።»

አበጋዝ በፊቱ ላይ በቀል ፈለገ። ጉሉማ ግን ምሰሶውን እየነቀነቀ ጥንካሬውን ይሞክር ነበር።

«በየትኛው እግሯ ይሁን?» አለ ጉሉማ።

ሎሚ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀኟን ዘረጋችለት። «በዚችኛዋ አድርገው፣ ኦቦ ጉሉማ» አለች፣ የድሮው ሳቋ ብልጭ ብሎ። «ይቺ የመንግሥት ናት። ካመማትም ወረቀት አላት።»

ጉሉማ ከደረቱ አሮጌ ነጠላ አውጥቶ ቀደደና ከብረቱ ሥር ሁለት ዙር ጠቀለለላት፤ ጣቱን አስገብቶ አለመጥበቁን አየ። «ጨርቅ ይኑረው፣ ጌታዬ። እኔ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ለዚህ ነው ድርቤን ብረት የበላት።»

«ያኔ ሆስፒታል ስንት ቀን ተኛች?» አለ አበጋዝ።

«ለቁስሉ? ሃያ ሁለት ቀን። ሐኪሞቹ ደግ ነበሩ። አንደኛውማ ስለ አእምሮዋም ጠይቆኝ ነበር፤ ትንሽ ብትቆይ አያት ነበር መሰለኝ። ቁስሉ ቶሎ ዳነ።» ጉሉማ ሰንሰለቱን ከምሰሶው ጋር ቆልፎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠውና እጅ ነስቶ ወጣ።

አበጋዝ ቁልፉን እንደያዘ ሚስቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ሎሚ እጆቹን ትመለከት ነበር።

«አቤ፣ ያዝከኝ?» አለች።

«ያዝኩሽ» አለ።

ጨርቁን ፈታው፤ አንዱን ዙር፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ብረቱ ቆዳዋ ላይ አረፈ። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና የሥራ ሰዓት እንዳያልፍበት እየተጣደፈ ወጣ።