የአረሙ ፕሮቲንና የመዳቡ ጋን

ፊት ለፊት ጋሼ፣ በሌሉበት አባ ቅጠል የምንላቸው አለቃዬ አንድ ፕሮቲን ሲያሳድዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅተዋል። ፕሮቲኑ የሚገኘው ከብት እንኳ የማይነካው መራራ አረም ቅጠል ውስጥ ነው፤ ሥራውም ምሬቱን መስበር ነው። ባለቤታቸው አልፎ አልፎ ቢሮ ብቅ ሲሉ፣ "እኔን ያገባኝ አረሟ እንቢ ብላው ነው" ይላሉ። ጋሼ አይስቁም። እውነት ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ቴክኒሻን ነኝ። አሥራ አምስት ዓመት ቅጠሉን የፈጨሁት፣ ጭማቂውን ያጠለልኩት፣ ብርጭቆውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ዶክተር ይባላሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ እዚያው ነኝ።

የጋሼ ዝና የቆመው በአንድ ጽሑፍ ላይ ነው። የፕሮቲኑ ዘመዶች ሁሉ መዳብ ካላገኙ አይሠሩም፤ የእኛው ግን የማንንም እርዳታ አይፈልግም ይላል ጽሑፉ። ከሌላ አገር ሁለት ላቦራቶሪዎች "እኛ ጋ አልሠራም" ብለው ጽፈውላቸው ነበር። ጋሼ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ላኩ፦ ዕቃችሁን በደንብ እጠቡ።

ዘንድሮ ያረጀው ውኃ ማንጠሪያችን ተነሣና አዲስ ማሽን ተተከለልን። ከዚያ ወዲህ ያዘጋጀሁት ፕሮቲን ሁሉ በድን ሆነ። ከመራራው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል በሦስት ደቂቃ መቅላት ነበረበት። ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅን። ምንም።

"እጅሽ ነው" አሉኝ ጋሼ።

"እጄ ምን ሆነ?"

"ሰንፏል።"

አሥራ አንድ ጊዜ ደገምኩት። በአራተኛው ወር ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከታች የጋሼ ፊርማ አለበት። ደሜ ፈላ። ደግሞም ፈራሁ፤ ጡረታዬ እስኪደርስ ወንበር ስቆጥር ታየኝ። ከዚህ ሥራ ሌላ የምወደው ሥራ የለኝም።

ወረቀት አወጣሁና በእነዚህ አራት ወራት የተለወጠውን ሁሉ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ ውኃው። የድሮው ማንጠሪያ ውኃ አፍልቶ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዝ የመዳብ ጋን ነበር። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ጎትቼ አወጣሁት። በእሱ ውኃ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። ቀላ። ቀጥሎ በአዲሱ ማሽን ውኃ የተሠራው በድን ላይ የመዳብ ጨው ጠብ አደረግሁ። እሱም ቀላ። ለካ ጋኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መዳብ ወደ ውኃው ሲለቅ፣ ያንን ኩሩ ፕሮቲን ሳናውቀው ስንቀልበው ኖረናል።

ብናገር እጄ ነጻ ይወጣል፣ የጋሼ ጽሑፍ ገደል ይገባል። ዝም ብል ወንበር እቆጥራለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ አልልም፤ ምሳዬን እየበላሁ ወሰንኩ።

"ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ በእጅዎ ይሥሩት" አልኳቸው።

ጋውናቸውን ለበሱ፤ ሆዳቸው ላይ አልቆለፍ አለ። ለክተው፣ ቀላቅለው፣ ሰዓታቸውን ያዙ። ሦስት ደቂቃ አለፈ። አምስት አለፈ። ፈሳሹን ትተው እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ያኔ አንድ ጠብታ ጨመርኩበት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መዳብ።"

ሲቀላ አዩት። "ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ" አሉ፣ ልማድ ሆኖባቸው። ከዚያ ተቀመጡ።

"ጋኑ?"

"ጋኑ።"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጋሼ።"

አሳዘኑኝ። አራት ወር ሙሉ ያላዘኑልኝ ሰውዬ አንጀቴን በሉት፤ በራሴ ተናደድኩ። "መዳቡን ጠብ እያደረግን ብንቀጥል ማን ያውቃል?" አልኩ።

"እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ለምስጢር ብዙ ነን።"

ኮምፒውተሩን ከፍተው በአንድ ጣት መጻፍ ያዙ። ያንን ጽሑፍ ላወጣላቸው መጽሔት አዘጋጅ ነው፤ ጽሑፋቸው ስሕተት መሆኑን፣ ሁለቱ ላቦራቶሪዎችም ልክ እንደነበሩ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ሰኞ ግምጃ ቤት ልግባ?"

"የምን ግምጃ ቤት? ሰኞ ቅጠል አለሽ" አሉ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። "ስሕተቱን ያገኘችው የሚለው ላይ ደርሻለሁ። ሙሉ ስምሽ ማን ነው?"

አሥራ አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሃያ ሦስት ጽሑፍ አውጥተናል፤ አውጥተዋል ማለቴ ነው። የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ጻፉት። የእኔን ከላይ፣ የእሳቸውን ከሥር።

"ልክ ነው?" አሉ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው።

"ልክ ነው" አልኩና ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ሄጄ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።