የእትየ እታለማሁ ጉርሻ

ሜላት ከትምህርት ቤት ስትገባ እትየ እታለማሁ ከጥሊሊ መጥታ ቤቱን ሞልታዋለች፤ አንድ ሴትዮ ናት ግን ስትመጣ ሰርገኛ የመጣ ነው የሚመስለው። የአባቷ ታላቅ እህት ናት። ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ማር አንጠልጥላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ወጡ እንዳይደፋባት ጭኗ ላይ አቅፋው ነው የመጣችው፤ ነጠላዋ ሁሉ ወጥ ወጥ ይላል።

"ወንድሜ አጥንት ብቻ ቀረ" እያለች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች እንጀራ ትጠቀልላለች። ጎረቤታቸው በቀለችም አጠገቧ ቁጭ ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች።

እውነቷን ነው። የሜላት አባት ወገኔ እኮ በፈረስ ሲያልፍ የእንጅባራ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ሰውዬ ነበር። ከዚያ ካንሰር ተገኘበትና ባሕር ዳር ወስደው ጨጓራውን አወጡለት። በሽታው ወጣ ተባለ፣ እልል ተባለ፣ እሱ ግን መክሳት ጀመረ። ሐኪሙ ደግሞ "በሚቀጥለው ቀጠሮ ኪሎው ከዚህ ከወረደ መልሰን እናስተኛዋለን፣ በቱቦ ነው የሚመገበው" ብሏል። "ያ አልጋ ላይ ተመልሼ ከተኛሁ አልነሳም" ይላል አባቷ፣ ለሜላት ብቻ።

የሆስፒታሉ ነርስ ለሜላት ሁሉን ነግራታለች። ምግቡ የሚያርፍበት ጨጓራ የለውም፣ ቀጥታ አንጀት ውስጥ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ጣፋጭ ሳይበዛ፣ ውሃም ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን አባወራ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን ሲበላ መታየት ያሳፍረዋል፤ የበር ኳኳታ ሲሰማ ሳህኑን አልጋ ስር ይደብቃል። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ደግሞ ሳያጎርስ አይሄድም፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው።

"በሞቴ" አለች እትየ እታለማሁ። ጉርሻው የሜላትን ጡጫ ያክላል።

"እትየ፣ ቆይ እስቲ..." አለ ወገኔ።

"አፈር ስሆን። እህትህ አይደለሁ?"

ጎረሰ። ደገመችው። ሠለሰችው። ከዚያ በማር የጣፈጠ አጥሚት አስከተለች። ብዙም አልቆየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ልቡ በሸሚዙ ላይ ስትዘል ትታያለች። "ጋደም ልበል" ብሎ ተኛ።

"ምግብ አንሶት ነው" ብላ እትየ እታለማሁ የማሩን ማንኪያ አነሳች።

ሜላት አላሰበችም፣ ዝም ብሎ ከአፏ ወጣ። "እትየ፣ ከግልቢያ ለገባ ፈረስ ገብሱን በቁና ይሰጡት ነበር?"



"ይች ልጅ አባቷን ፈረስ አለችው" አለች በቀለች።

ሜላት የምትገባበት ጠፋት። እትየ እታለማሁ ግን ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ልጅ ሆና የአባቷን ፈረሶች የምታበላው እሷ ነበረች።

"በቁና ማን ይሰጠዋል" አለች ቀስ ብላ። "ይነፋውና ይሞታል። በእፍኝ ነው እንጂ። እፍኝ ሰጥተሽ ትቆያለሽ፣ ደግሞ እፍኝ። ውሃውንም ዘግየት አድርገሽ ነው።" ለራሷ የምታወራ ነው የሚመስለው። ማንኪያውን አየችው፣ ወንድሟን አየችው። "እኔ በቁና ሰጠሁት ማለት ነው።"

"ፈረሱስ ጨጓራ አለው" አለ ወገኔ ዓይኑን ሳይገልጥ።

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። ደከም ያለ ሳቅ ነው፣ ግን ሜላት ከባሕር ዳር ወዲህ ሰምታው አታውቅም፤ አልቅሺ አልቅሺ አላት።

እትየ እታለማሁ ጥሊሊ መመለሱን ተወችው። በማግስቱ እንቁላል ጠብሳ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ነገር ሳህን ላይ አድርጋ ሰጠችው፤ ለራሷም ያንኑ ያህል ወሰደች። "እኔም ስቆረጥም መዋሌ ነው፣ አብረን እንፈር" አለችው። ይህን ስትል በሩ ተንኳኳ። በቀለች ናት፣ የማር ብርጭቆ ይዛ።

"ለኔ ስጭኝ" አለች እትየ እታለማሁ በሩ ላይ ቆማ። "እሱን በጨዋታ ጠይቂው።"

ሜላት ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው። የአባቷ እጅ ሳህኑን እንደያዘ ወደ አልጋው ስር ሄደ፣ መሀል ላይ ቆመ። ኪሎው ይጨምር አይጨምር ገና ማንም አያውቅም። ሳህኑን ጭኑ ላይ መለሰና ከእንቁላሉ ቁራሽ ቆረሰ፣ ራሱ።

"ነይ ግቢ በቀለች" አለ። "እንብላ።"