ማክሰኞ ማክሰኞ የሚላጭ ባል

ባሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሲያሳድድ ኖሯል። ሰውየው የሞተው አያቶቻችን ሳይወለዱ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ የትምባሆ ጎተራ በእሳት ሲጋይ። ቡዝ ይባላል። ፕሬዚዳንት ሊንከንን ቲያትር ቤት ውስጥ ከኋላ ተኩሶ የገደለው ተዋናይ ነው። ባሌ ኃይለ ልዑል ለትምህርት ስቶክሆልም በመጣ ሰሞን ገዳዩ እንዴት እንደሸሸና እንዴት እንዳሳደዱት አነበበና፣ ይህንን በአማርኛ ሳልጽፍ አልሞትም አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሁለት ልጆች ወልጄ አሳደግሁ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ቡዝ ግን የተሰበረ እግሩን እየጎተተ ገና ጫካ ውስጥ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ በሰውየው ቀንቼበት አውቃለሁ። በጋ ሲሆን የሰፈራችን የስፖንጋ ባልና ሚስት ሁሉ ሐይቅ ዳር ሲወርድ የእኔ ባል ከነፍሰ ገዳይ ጋር ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ቢሆንም በሞተ ሰው መቅናት ይቻላል፤ ቢያንስ ደጅ አያንኳኳም።

ናርዶስ ግን አንኳኳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የኃይለ ልዑል ዓይን ደከመ። ሰው ሲገባ ጥላውን ያያል፣ ፊደል ግን አይለይም። ልጃችን ጆናታን ደውሎ አንባቢ ፈልጉለት ብሎ በስዊድንኛ ነገረን፣ አፈላልጎም ይህችን ናርዶስን አገኘ። ኡፕላንድስ ቬስቢ የምትኖር፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ፣ ሠላሳ አምስት ቢሆናት የማይበዛባት፣ ባል የሌላት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ የላትም፤ በባቡር መጥታ እንግሊዝኛውን ታነብለታለች፣ እሱ በአማርኛ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ እያለሁ ምን አስፈለገ ብዬ ጠይቄው ነበር። አንቺማ ይሰለችሻል አለኝ። እንዲህ ብሎ ማን እንደነገረው አላውቅም።

እሷስ ምንም አላደረገችም። ስትገባ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ እኔን እትዬ፣ እሱን ጋሼ ትላለች፣ ያቀረብኩላትን ሁሉ አመስግና ትበላለች። የሚያበግነኝም ይኸው ነበር። አንድ እንከን ባገኝባት እፎይ እል ነበር።

እሱ ግን መላጨት ጀመረ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጺሙ ሲያሳክከው ብቻ የሚላጨው ሰው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በዳሰሳ ይላጫል። እኔ የገዛሁለትን፣ ይኮሰኩሰኛል ብሎ የጣለውን ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳል። ስለማያይ ከግራ ጆሮው ሥር አንዲት ጺም ሁልጊዜ ሳትነካ ትቀራለች። እኔ አያታለሁ። አንድም ቀን አልነገርኩትም። እንደዚያው ይቅረብላት ብዬ፣ ያቺን ጺም ይዞ እሷ ፊት ሲቀመጥ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። የሕንፃችን ሰው ሁሉ ልብሱን የሚያጥበው ምድር ቤት ባለው የጋራ ማጠቢያ፣ በትቬትስቱጋ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተራ ይያዛል። የእኔ ተራ ለብዙ ዓመት ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። እንግዲህ እነሱን ብቻቸውን ትቼ ምድር ቤት ካልሲ ላጥብ? ታች ያለችውን አሮጊት ስዊድናዊት ለምኜ በሐሙሷ ለወጥኳት። እዚህ አገር ሰው መኪናውን ቢያውስህ ያውስሃል፣ የማጠቢያ ተራውን ግን በቀላሉ አይሰጥም፤ ሴትየዋ ውለታ እንደዋለችልኝ ባየችኝ ቁጥር ታስታውሰኝ ነበር። እኔም ማክሰኞን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቧንቧውን ዘግቼ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሲሳሳቁ እሰማ ጀመር። ስለ ነፍሰ ገዳይ ሲነበብ ምን ያስቃል?

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ሳቁ በዛብኝ። የዚያኑ ሳምንት ቆረጥኩ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሲደርስ ስፖንጋ ጣቢያ ወርጄ ከባቡር ስትወርድ ጠበቅኋት። ጋሼ ደክሞታል፣ ሐኪሙ ዕረፍት አዟል፣ ሲሻለው ራሱ ይደውልልሻል አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አቅፋኝ በመጣችበት ተመለሰች። ቤት ገብቼ ለእሱ ደግሞ ናርዶስ ሥራ በዝቶባታል፣ ከእንግዲህ አትችልም አልኩት። ሹራቡን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። እኔ አነብልሃለሁ አልኩት።

አነበብኩለትም። እንግሊዝኛዬ የላቦራቶሪ እንግሊዝኛ ነው፤ መንገድ ላይ እየወደቅሁ እየተነሣሁ በየቀኑ አነበብኩ። ደስታዬ ደስታ አልነበረም። ያም ሆኖ፣ ሳላስበው፣ የቡዝ ነገር ያዘኝ። ሐኪሙ እግሩን ሲያስርለት፣ ጥድ ጫካ ውስጥ በብርድ ሲጠብቅ፣ ወንዝ ሲሻገር። አሳዳጆቹ አንድ የወንዝ መሻገሪያ ጋ እስኪደርሱ ዱካውን እያገኙ ያጡታል። እዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኙ። ፎቶ ሲያሳዩት አዎ፣ ይህ ሰው ከሦስት ወታደሮች ጋር ተሻግሯል አላቸው። ወዴት እንደሄዱ ግን በትክክል አያውቅም። ያኔ ሚስቱ ተናገረች። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ያ ወጣቱ፣ እዚያ ማዶ ከተማ ያለው ሆቴል ባለቤት ሴት ልጅ ጋ ይመላለሳል አለች። ፈረሰኞቹ ወደ ሆቴሉ ጋለቡ፣ ወጣቱን ወታደር ከተኛበት አነሡት፣ እሱም ቡዝ የተደበቀበት ጎተራ ድረስ መራቸው።

መጽሐፉን ዘጋሁት። "ኃይሌ፣ ያስያዘችው እኮ ይህች ሴት ናት" አልኩት።

እንዴት አለኝ። ያን ሁሉ ጦር አሰማርተው፣ ያን ሁሉ ሽልማት አውጀው ያጡትን ሰው፣ ማን ማን ጋ እንደሚመላለስ ልብ የምትል አንዲት የጎረቤት ሴት አስያዘቻቸው አልኩት። ባልየው ጀልባውን አየ፣ ሚስቲቱ ግን ወጣቱ ለማን ብሎ እንደሚሻገር አየች። አንተ ስለ እሷ ምን ጻፍክ? ግማሽ መስመር አለኝ። ያንን ገጽ ስንቴ እንዳነበበው እሱም አያውቅም። ፊቱ እንደ ድሮው በራ። እኔ ነኝ ያበራሁት ብዬ ልቤ ዘለለ።

ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"አስካል፣ ታች ያለችው ሴትዮ ሊፍት ውስጥ አግኝታኝ አመስግናኝ ነበር" አለኝ። "ሚስትህ ሐሙሴን መለሰችልኝ፣ ወደ ማክሰኞዋ ተመለሰች አለችኝ። ይህንን ያለችኝ እሑድ ነው። ናርዶስ የቀረችው ከዚያ በኋላ፣ ማክሰኞ ነው። ልጅቷ ሥራ እንደሚበዛባት የማጠቢያ ተራሽ ከእሷ ቀድሞ እንዴት አወቀ?"

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ማሳደድ የተማረ ሰው ነው። ተራው እንዳያመልጠኝ ስቸኩል፣ ልጅቷን ከማባረሬ በፊት መያዜን ረስቼዋለሁ።

መካድ አልሆነልኝም። በገንኩ። ስለ እሷ ብለህ ትላጫለህ አልኩት። የኔን ሹራብ ለእሷ ትለብሳለህ፣ ከእኔ ጋር በዓመት የማትስቀውን በአንድ ከሰዓት ትስቃለህ አልኩት። እሱ ሳይቆጣ ሰማኝ።

"አዎ፣ ስለ እሷ ነው የተላጨሁት" አለኝ። "አዲስ ሰው ሲመጣ ሽማግሌ መምሰል አስጠላኝ። ልጅቷ ግን አንድ ቀን ቀና ብላ አላየችኝም፣ ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነው። መላጨቴን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ይህ እውነት ቢያረካኝም አቆሰለኝ። አዎ ነው ያለኝ እኮ። አይ ቢለኝ አላምነውም ነበር፤ አዎ ሲለኝ ግን የት እንደምገባ ጠፋኝ። ከዚያ ድምፁን ጠንከር አድርጎ፣ ልጅቷን በእኔ ስም ዋሽተሽ አባረሻታል፣ ይህ አያምርም አለኝ። ራስሽ ደውለሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ካልሆነ ቡዝ እዚያው ጎተራ ውስጥ ይቀመጥ፣ መጽሐፉም ይቅር አለ። ሠላሳ ዓመት የደከመበትን ነገር በእኔ ውሸት ላይ ሊጨርሰው አልፈለገም።

ሲያስፈልገው እኔን ብቻ እንዲያስፈልገው ነበር የፈለግሁት። ደወልኩ። ናርዶስ እኔም አስቀይሜዎት ከሆነ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እንከን የለባትም ብያችኋለሁ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ የዓሣ አጥማጁ ሚስት ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቷታል፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ ከእነሱ ጋር የሳቅሁበትም ጊዜ አለ። የማጠቢያ ተራዬ ማክሰኞ ስለሆነ ልብሱን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ጠዋት ሱንድቢበሪ ያለችው እኅቴ ቤት እወስደዋለሁ። ሴትዮዋ ሐሙሷን ሁለተኛ አትሰጠኝም።

ትናንት ጠዋት ኃይለ ልዑል ምላጩን ይዞ መጣና፣ በዳሰሳ ፊቴን ቆርጬ ልሞት ነው፣ አንቺ ላጪኝ አለኝ። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ አረፋውን ቀባሁት፣ አገጩን ቀና አድርጌ በቀስታ ላጨሁት። እንደ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስጨርስ ፊቱን በሙቅ ፎጣ ጠረግሁለት።

"ጨረስሽ?" አለኝ።

"ጨረስኩ" አልኩት።

ከግራ ጆሮው ሥር ያለችዋን ግን ተውኳት።